በገበያ ቀን የማይነሳው ኮምፒውተር

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጊዜው 2017 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም ነው። ቦታው ቆቦ፣ አባታችን ትቶልን በሄደው ቤት፣ ፊቷን ወደ ዋናው መንገድ ባዞረችው ክፍል ውስጥ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ነገሩን ከሌላ አፍ የሰሙ ዘመዶች ስላሉ ነው። እነሱ የሰሙት እኔ መርሳት እንደጀመርኩ፣ ወንድሜም እንዳዘነልኝ ነው። እንዳዘነልኝ የሚለውን ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ።

አባታችን ሊሞት ሲል የተናገረውን የሰሙ ሰዎች ዛሬም አሉ። ግቢውንና መጋዘኑን ለወንድሜ ሰጠ። የመንገዷን ክፍል ለእኔ ሰጠና «እስከሠራችባት ድረስ» አለ። ያኔ በአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለነበርኩ ይህችን ቃል ልብ አላልኳትም። ወንድሜ ግን ልብ ብሏት ኖሯል። ጡረታ ስወጣ ክፍሏን ጽሕፈት ቤት አደረግኳት። ማመልከቻ እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ የሰርግ ካርድና የምስጋና ወረቀት አትማለሁ። ወንድሜ የእህል ነጋዴ ነው። መጋዘኑ ከእኔ ክፍል ጋር በአንድ በር ይገናኛል። የጭነት መኪና መቆሚያው በመንገዱ በኩል ስለሆነ በገበያ ቀን ማለዳ ማሽላውንና ጤፉን የሚያወጣው በእኔ ክፍል አሳልፎ ነው። ቁልፍ አለው። እኔ ደግሞ አይከፋኝም ነበር፤ ወንድሜ ነው።

ኮምፒውተሬን የገዛሁት ሊዘጋ ከነበረ አንድ ማሠልጠኛ ነው። ውስጡ ሁለት ሲስተም አለው፣ ዊንዶውስና ሊኑክስ። ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ የሁለቱ ስም ከላይና ከታች ይወጣል፤ በቀስት ቁልፍ አንዱ ይመረጣል። ዝም ከተባለ ራሱ ወደ ሊኑክስ ይገባል። ለምን ሁለት አስፈለገሽ ይሉኛል። ጽሕፈት ቤት ከፍቶ የሠራ ሰው አይጠይቀኝም። ተማሪው ፍላሹን ከሦስት ቤት ሰክቶ ይመጣና የያዘው ቫይረስ ማሽን ላይ ሲገባ ያለው ፋይል ሁሉ ይደበቃል። ስለዚህ የእኔ ቤት ሕግ አንድ ነበር፤ የሰው ፍላሽ የሚሰካው በሊኑክስ ብቻ ነው። ያ ቫይረስ እዚያ ጉልበት የለውም። ጽሑፉን አውጥቼ አስቀምጥና ማሽኑን እንደገና አስነስቼ በዊንዶውስ እገባለሁ፣ እጄ የለመደው የአማርኛ መተየቢያ ያለው በእሱ ነውና። ደንበኛ ሲበዛ በቀን ስንት ጊዜ ከአንዱ ወደ አንዱ እንደምመላለስ አልቆጥረውም። ከአንድ ቤት ሳሎንና ጓዳ አይለይም።

አንድ ጉድለት ነበረው። ሰዓቱን የምትይዝለት ክብ ባትሪ ደርቃለች። እዚህ የምትገኘው ደግሞ ስትገዛም የደረቀች ናት፤ ሁለት ጊዜ ቀይሬ ሁለት ጊዜ አክስራኛለች። ማታ መብራቱ እየሄደ እየመጣ ዕቃ ስለሚያቃጥል ሶኬቱን ነቅዬ ነው የምሄደው። ጠዋት ስሰካው ማሽኑ ቀኑን አያውቅም፤ ከመነሳቱ በፊት ይጠይቃል። ስገዛው አሠልጣኟ፣ አሁን ደሴ የሄደች ልጅ ናት፣ «የፈረንጁን ቀን ሞልተሽ ቀጥይ» ብላኝ ነበር። በየጠዋቱ እሞላለሁ፣ እቀጥላለሁ። ፊት እንደ መታጠብ ሆኖ ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ በመጀመሪያው የገበያ ቀን ስገባ ማሽኑ በርቶ አገኘሁት። ማታ ሳልነቅለው የሄድኩ መሰለኝ። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እስከ ታች ወርዶበታል፣ መጨረሻው ላይ አንዲት ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሊኑክስ መግባት አልቻለም። አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ያው ነው። በዊንዶውስ ልግባ ብዬ መረጥኩ፤ እሱ ተነሳ። ደስ ብሎኝ ሥራ ጀመርኩ። ኢንተርኔቱ ግን አንድ ገጽ አልከፍት አለኝ። የምነካው ሁሉ «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ይለኛል። ፍላሽ ይዘው የተሰለፉትን መለስኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሶኬቱን ሰካሁ፣ ቀኑን ሞላሁ፣ ማሽኑ ረጅም ጊዜ ራሱን ሲመረምር ቆየና ሁለቱም ሲስተም እንደ ወትሮው ተነሱ። ተመስገን አልኩ። አንድ ገበሬ ከሮቢት በኩል መጥቶ ትናንት ያስተየበውን ይግባኝ ጠየቀኝ። ፋይሎቼን በቀን ነው የምደረድራቸው፤ አዲሱ ከላይ ይሆናል። ከላይ የለም። ከሱ ሥርም የለም። ሰውየው በትሩን ተደግፎ ቆሞ አየኝ።

«እትዬ፣ ትናንት አልጻፉልኝም እንዴ? ወይስ እኔ ነኝ ያልመጣሁት?» አለኝ።

ቀልዱ ነበር። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ሳቁ። እንደገና ተየብኩለት።

ከዚያ ለሳምንቱ ደህና ሆነ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ያው ጥቁር ስክሪን፣ ያው ሰረዝ፤ መንቀሉን ዳግመኛ የረሳሁ መሰለኝ። በማግስቱ ያው የጠፋ ፋይል፤ ያኔ የአንዲት ሴት የውክልና ረቂቅ ነበር። እሷ አልቀለደችም። ጎረቤት ቁርስ ቤት ገብታ «ሴትዮዋ ደክመዋል» ስትል የቁርስ ቤቱ ባለቤት ሰምታ ለእኔ ነገረችኝ፤ ከእኔ በፊት ደግሞ ለመንገዱ ሁሉ ነግራለች። ያቺ ባለ ቁርስ ቤት ዛሬም በሬ ላይ ስታልፍ «እንዴት አደሩ» ትለኛለች። እኔም እመልሳለሁ።

እኔ ነገር ሳይገባኝ የማርፍ ሰው አይደለሁም። መጀመሪያ መብራቱን ጠረጠርኩ። በገበያ ቀን ወፍጮ ቤቶቹ ሁሉ ስለሚሠሩ ኃይሉ ይወርዳል፤ አምፖሉ ራሱ ቢጫ ይሆናል። ኃይሉን የሚያስተካክል ስታብላይዘር ተውሼ አስገባሁ። አልረዳም። ገመዶቹን ቀየርኩ። ሲፒዩውን ከፍቼ አቧራውን ጠረግሁ፤ የግመሉ፣ የጋሪው፣ የአይሱዙው አቧራ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው የተኛው። አሠልጣኟ እንዳሳየችኝ የሜሞሪዋን ጥርስ በላጲስ ፈግፍጌ መለስኳት። ነጩን ጽሑፍ መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት። በመካከሉ አንድ መስመር አለ፤ ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበት ሰዓት ገና ወደፊት የሚመጣ ነው ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። ትርጉም የሌለው ነገር መሰለኝና አለፍኩት። በስልክ አሠልጣኟን አገኘኋትና ዲስኩን የሚያስጠግነውን ትእዛዝ ነገረችኝ። ተየብኩ፣ ልጠግን ወይ ብሎ በጠየቀኝ ቁጥር እሺ አልኩት። ለዚያ ቀን ተነሳ። በሳምንቱ የገበያ ቀን ተመልሶ ወደቀ።

ወንድሜን ጠየቅሁት። መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ኩንታል ሲያስቆጥር ነበር።

«ጋሼ፣ ጠዋት ማሽኔን የነካ ሰው አለ?»

«ማን ይነካዋል?» አለኝና ወደ ሸካሚዎቹ ዞረ። ከዚያ መለስ ብሎ «አንቺ ግን ደህና ትተኛለሽ?» አለኝ።

ይህችን ቃል የጻፍኳት በማስታወስ አይደለም። ከጆሮዬ አልወጣችም።

ሲፒዩውን በፎጣ ጠቅልዬ በሚኒባስ ዋጃ ወሰድኩት። እዚያ አንድ ጠጋኝ አለ። ገና በሩ ላይ ሲያየኝ «ማዘር፣ ፎርማት ነው መፍትሔው» አለኝ። ምን እንደሆነ እንኳ አልነገርኩትም። ሁለት ሲስተም እንዳለው ሲያውቅ ደግሞ ከጓደኛው ጋር ተሳሳቁ።

«ጣውንት አንድ ቤት ውስጥ አስቀምጠውማ እንዴት ሰላም ይገኛል? አንዷን እንፍታልዎ።»

አልፈልግም አልኩት። ሁለቱም ሥራ አላቸው፣ አንዱን ባጠፋው ወይ ፍላሽ አልቀበልም ወይ አማርኛ አልተይብም አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና ያቆዩት አለኝ። ለቀናት አቆየው። ስመለስ ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ እየሠራ ነው። በጠዋት ቢያስነሳው ይነሳል፣ በቀትር ቢያስነሳው ይነሳል፣ ፊቴ አስነሳው፣ ተነሳ። ማሽኑ ጤነኛ ነው አለኝ፤ ችግሩ አጠቃቀም ነው። አጠቃቀም ሲል ማሽኑን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

ከዋጃ ቆቦ ያለውን መንገድ ሲፒዩውን ጭኔ ላይ አድርጌ ስመለስ ስለ ማሽኑ ማሰብ አቆምኩ። ስለ ራሴ ነበር የማስበው። እናታችን መጨረሻዋ ላይ የሚያውቋትን ሰዎች በሟች ስም ትጠራ ነበር። በየት በኩል እንደጀመራት አላስታውስም፤ አንድ ቀን ነው የነቃነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ አላረፍኩም። በሩን ቆልፌ ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን እጎትታለሁ። ምድጃ አጥፍቼ ተመልሼ እነካዋለሁ። ወጥ ውስጥ ጨው እንደጨመርኩ ለማወቅ የማማሰያውን ጫፍ እየላስኩ፣ አሁን ቀመስኩ ወይስ ቀድሞ እያልኩ እቆማለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ጸሎቱን ትቼ በትምህርት ቤቱ ያገለገልኳቸውን ርዕሰ መምህራን በተራ እጠራለሁ፤ አንዱ ስም ከዘገየ ላብ ያሰምጠኛል። ምሳ ቁጭ ብዬ መብላት አልቻልኩም። እጄ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይፈትሻል። ማሽኑ በገበያ ቀን ብቻ እንደሚወድቅ አውቃለሁ፤ ይህ ዕውቀት ግን አላጽናናኝም። ምክንያቱም በገበያ ቀን የሚበዛብኝ ሥራ ነው፤ ሲበዛብኝ የምደናገረው እኔ ብሆንስ?

የወንድሜ ሚስት፣ ከአላማጣ በላይ የመጣች ናት፣ ማለዳ ማለዳ ልትጠይቀኝ ጀመረች። «ዋይ ኣነ እህቴ»፣ በእነሱ አነጋገር ወይ እኔ፣ ትልና አገጬን ትይዛለች። ለሁለት ዓመት በሬን ረግጣ የማታውቅ ሴት ናት። ቀስ በቀስ የክፍሏን ነገር አነሳችው። ትልቋ ልጃቸው ልታገባ ነው። እጮኛዋ የባጃጅ ዕቃ ይሸጣል፣ የሚሸጥበት ቦታ ግን ውስጥ ለውስጥ ነው፣ የመንገድ ዳር ክፍል ቢያገኝ ሥራው ይነሳል። ሳትጨርስ ገባኝ። ወንድሜም በደንበኞች ፊት «እህቴ ብዙ ሠርታለች፣ አሁን ብታርፍ ነው የሚሻላት» ማለት ጀመረ። ለስለስ ብሎ ነበር የሚናገረው። ስለ እኔ ለስለስ ብሎ ሲናገር በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት። በየካቲት ማብቂያ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ነገረኝ። «አባታችን ያለውን ታውቂያለሽ» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ቀናት ሲቀሩ በነበረው የገበያ ቀን መተኛት አቅቶኝ ገና ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ከቆላ የመጡት የአፋር ግመሎች መንገዱ ዳር ተንበርክከዋል። ክፍሌ በር ክፍት ነው፤ ወንድሜ ከመኪናው ኋላ ቆሞ ከሹፌሩ ጋር ይከራከራል፣ አላየኝም። ገባሁ። ኮምፒውተሬ በርቷል። ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ ነጩ ጽሑፍ ወርዷል፣ ሰረዟ ብልጭ ትላለች። ከሲፒዩው ጀርባ አንድ ገመድ ወጥቷል። ገመዱን በእጄ ተከትዬ ሄድኩ። መጨረሻው ላይ የወንድሜ ስልክ ተሰክቷል።

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። መጋዘኑ ውስጥ ሶኬት እንደሌለ አውቃለሁ። በእኔ ክፍል ያሉት ሶኬቶች ደግሞ ማሽኖቼ ተሰክተውባቸዋል፤ የኮምፒውተሩን ብቻ ነው ማታ የምነቅለው። ወንድሜ የያዘው ደግሞ ገመዱን ብቻ ነው፣ ሶኬት ላይ የሚሰካው ራስ የለውም፤ ስለዚህ ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው ማሽኔን ሰክቶ፣ አብርቶ፣ ከጀርባው ነው ማለት ነው። ግን ማብራት ማሽን አይጥልም። እኔም በየቀኑ አበራዋለሁ። አጥፍቼ አስነሳሁትና ሲነሳ ቀን ወደሚሞላበት ገጽ ገባሁ።

ዓመቱ 2017 ይላል። አየሁት፣ ምንም አልመሰለኝም። ልክ ነዋ፤ 2017 ነው። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ይቀረዋል ይላል፣ ልክ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ልወጣ ስል ዓይኔ ወሩ ላይ ወደቀ። ወሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተጻፈው። ጁን ይላል። በየካቲት ጁን? ጁን እኮ ዝናብ የሚጠበቅበት ነው፣ ሰኔ ነው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣ። የካቲት ስድስተኛ ወር ነው። በፈረንጅ ስድስተኛው ጁን ነው። ዓመቱም 2025 መሆን ነበረበት። ወንድሜ ማሽኑ ቀን ሲጠይቀው የእኛን ቀን ሞልቶለታል። ትናንት 2025 ብዬ ያስነሳሁት ማሽን ዛሬ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ተመልሷል፤ ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈትኩት ገና ወደፊት ነው ያለው ይህን ነበር። ጽሑፉ ከመጀመሪያውም እውነቱን ነበር የነገረኝ። ኢንተርኔቱም ያልከፈተው ለዚህ ነው። ፋይሎቹም አልጠፉም። በዊንዶውስ ገብቼ ዝርዝሩን ወደ ታች ሳወርደው የሮቢቱ ሰውዬ ይግባኝና የሴትየዋ ውክልና ማሠልጠኛው ትቷቸው ከሄደው አሮጌ ፋይሎች መካከል ተኝተዋል። በእነዚያ የገበያ ቀናት ሁሉ በስክሪኔ ጥግ 2017 የሚል ቁጥር እያየሁ ስሠራ ነበር፤ የምኖርበት ዓመት ስለሆነ ዓይኔ አልፎታል።

አላለቀስኩም። ስልኩን ነቀልኩ፣ ቀኑን አስተካከልኩ፣ ስልኩን መልሼ ሰካሁ። ወንድሜ ሲገባ «ማልደሻል» አለኝ። እንቅልፍ እምቢ አለኝ አልኩት። ስልኩን ይዞ ሄደ። ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ለምን ዝም እንዳልኩ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ብነግረው ኖሮ እየሳቀ ይቅርታ ጠይቆኝ፣ መድከሜ ግን በየሰው አፍ እንደቀረ ይቀር ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። የንስሐ አባታችን፣ የአባቴ የንግድ ጓደኛ የነበሩት ሐጂ፣ ሌላም አንድ የግቢው ጎረቤት። በዚያ ዓመት የእኛ ጾምና ረመዳን ገጥመው ነበር፤ ለሐጂ ስል ለማናቸውም ውኃ እንኳ አላቀረብኩም። ወንድሜ ንግግሩን ጀመረ። አባታችንን አነሳ፣ ድካሜን አነሳ፣ የጠፉትን የሰው ወረቀቶች አነሳ። እኔን እንደማይጥለኝ፣ ጓሮ ያለውን ክፍል ቀለም ቀብቶ እንደሚሰጠኝ ተናገረ። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። አንቺስ አሉኝ። ብዙ አልተናገርኩም። ማሽኑ ይታይ አልኩ፤ ማታ ነቅዬዋለሁ፣ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ወንድሜ ያስነሳልኝ። እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር።

ወንድሜ ምንም አልጠረጠረም። እንደ ለመደው ሰካ፣ አበራ። ማሽኑ ቀን ጠየቀ። ወንድሜ በአንድ ጣቱ እየፈለገ ሞላ፤ ቀኑን፣ ስድስተኛ ወር፣ 2017። ከዚያ የሚቀጥለውን ቁልፍ ተጫነ። የሁለቱ ሲስተም ስም መጣ፣ ጠበቅን፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጩ ጽሑፍ ወረደ፣ ሰረዟ ብልጭ ማለት ጀመረች።

«አያችሁ?» አለ ወንድሜ። «እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

ዓመቱን ምን ብለህ ጻፍክ ብዬ ጠየቅሁት። 2017 አለ። አባ ወደ እኔ ዞሩና ግራ በመጋባት አዩኝ። «ታዲያ ዓመቱ ልክ ነው እኮ፣ ልጄ» አሉ። ጎረቤታችንም አዎ ልክ ነው አለ። ስንት ቀን ያጠራቀምኩት ነገር በአንድ ቃል ሊፈስ ሆነ። ማሽኑ የፈረንጅ ዘመን ነው የሚያውቀው፣ ትናንት በ2025 ከፍቼዋለሁ፣ ዛሬ 2017 ሲባል ነገ የተከፈተ መሰለው ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ራሴ ስሰማው የደከመች ሴት ንግግር ይመስላል። ወንድሜ ሳቅ አለ። ያን ጊዜ ነው ሐጂ እጃቸውን ያነሱት።

«ቆዩ፣ ቆዩ» አሉ። «እኔ በሦስት ዘመን ነው የምኖር። የሂጅራውም አለ፣ የእናንተም አለ፣ የፈረንጁም አለ። ለሐጅ ስንሄድ ፓስፖርቴ ላይ የተጻፈው የፈረንጁ ነው። የኛን ጽፈውበት ቢሆን ጅዳ መግቢያው ላይ ያስቀሩኝ ነበር፣ ወላሂ። ልክ መሆኑ አይደለም፤ የጠየቀህ ማነው ነው ነገሩ።»

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንድሜ ግን ልክ ነው የተባለውን ይዞ ነበር፣ ሊለቀው አልፈለገም። የአገሩን ዘመን እንደማያፍርበት፣ ማሽኑ የተሳሳተ ቀን ይዞ ሲያገኘው ሁልጊዜ ራሱ እንደሚያስተካክለው ተናገረ። ሁልጊዜ አለ። በገበያ ቀን ሁሉ፣ ስልኩን ሲሰካ። በኩራት ነበር የተናገረው። ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

«ማሽኔን የነካ አለ ወይ ብዬ ጠይቄህ ነበር» አልኩት።

«ያበላሸ አለ ወይ ማለትሽ መስሎኝ ነው። እኔ አላበላሸሁም።»

ሐጂ አቋረጡት። «ረሳች፣ ደከመች ሲሉ ሰምተሃል አንተ?»

«ሰምቻለሁ።»

«በየገበያው ቀን ከሷ በፊት ማሽኑን የምትከፍተው አንተ መሆንህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ወንድሜ መልስ ከመስጠቱ በፊት ማሽኑን አየ፣ ከዚያ በሩን። «ማንም አልጠየቀኝም» አለ።

እኔ ጠይቄው ነበር። አባ ይህን ለማስታወስ አፋቸውን ሲከፍቱ በእጄ ከለከልኳቸው። መስማት የምፈልገውን ሰምቻለሁ። ማሽኑ ላይ ያደረገውን ባለማወቅ ነው ያደረገው፣ ይህን እንኳ ለእሱ እሰጠዋለሁ። ሰው ሲያወራብኝ ዝም ያለው ግን እያወቀ ነው። ምድጃ እየነካሁ፣ ጨው እየላስኩ፣ የርዕሰ መምህራን ስም እየቆጠርኩ በኖርኩባቸው ሳምንታት እሱ መልሱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ነበር የሚዞረው።

ሽማግሌዎቹ ክፍሏ የእኔ ናት አሉ፤ ሠርቼባታለሁ፣ እየሠራሁባት ነው። ወንድሜን ተነስ አሉት። ተነስቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፣ አባ ቆመው ያዩኛል፣ ሐጂም። ትከሻውን ይዤ ቀና አደረግሁት። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ። ማለት ያለብኝ ይህ ነው፣ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት የሚከተለውን ነው። ይግባኙንና ውክልናውን ከአሮጌዎቹ ፋይሎች አውጥቼ አትሜ፣ ለሁለቱም ባለቤቶች ቤታቸው ድረስ ወስጄ ሰጠሁ። ባለ ቁርስ ቤቷ ጋ ሄጄ በተሰበሰቡት ሰዎች ፊት የሆነውን ነገርኳት። በትንሣኤ ሰሞን ወንድሜ የልጁን የሰርግ ካርድ ሊያሳትም መጣ። አተምኩለት፣ እንደማንኛውም ደንበኛ አስከፈልኩት። የሰርጉ ዕለት ጽሕፈት ቤቴን ከፍቼ ስሠራ ዋልኩ።